ተከራዩ አፉን የከፈተ ጊዜ

እባቡ ቤቴ የገባው በልጅ ልጄ እጅ ነው። ገና ከበሩ ሳታልፍ «አባባ፣ ፕሊስ እምቢ አትበለኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ እምቢ የምለው ነገሩን ከሰማሁ በኋላ ነው እንጂ ከመስማቴ በፊት አይደለም። አንድ ትልቅ የመስታወት ሳጥን ታቅፋለች። ከኋላዋ እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ መብራትና ሽቦ ተሸክማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች።

ልጅቱ ለትምህርት ኦታዋ ልትሄድ ነው። የምታድርበት የተማሪ ቤት እንስሳ አይቀበልም። እስካሁን እባቡ ኖርዝ ዮርክ ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ በያዘችው ቤት ነበር የሚኖረው። እናቷ «ወይ እሱ ወይ እኔ» ብላለች። ቀሪው ዘመድ እኔ ነኝ። ዌስተን የሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ረጅም ሕንፃ ላይ፣ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው።

«ስንት ጊዜ ይነክሳል?» አልኳት።

«አይነክስም አባባ! ሻይ ነው።»

የሚያፍር እባብ ሰምቼ አላውቅም። ሳጥኑ ውስጥ ባየው ጊዜ ግን እውነትም ተጠቅልሎ፣ ራሱን ከገዛ ገላው ሥር ደብቆ፣ የታሰረ ገመድ መስሎ ተኝቷል። ቡናማና ጥቁር ነው፤ ውፍረቱ ክንዴን ያህላል። ስም አውጥታለታለች፣ የፈረንጅ ስም፤ እኔ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ «ተከራዩ» አልኩት።

ለምን እሺ እንዳልኩ ልናገር። ይህች ልጅ ከኔ ጋር የምታወራው በዓል በዓል ብቻ ነበር። «እንኳን አደረሰህ አባባ፣ ላቭ ዩ፣ ባይ።» አለቀ። እኔም እንግሊዝኛዬ ደካማ፣ እሷም አማርኛዋ አጭር፤ የምናወራው ነገር የለንም። ተከራዩ ከገባ ጊዜ ጀምሮ ግን በየቀኑ፣ እራት ሳልበላ፣ በምስል ትደውላለች። እርግጥ ሰላም የምትለው እሱን ነው። እኔ ስልክ ያዥ ነኝ። ቢሆንም ስልክ ያዥ ደግሞ መሀል መሀሉን ይጠየቃል፤ «በልተሃል? ጉልበትህስ?» ይባላል። ስለዚህ እባቡን ስጠብቅ የምጠብቀው ሌላም ነገር ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከመሄዷ በፊት አስተምራኛለች። «ጠዋት ጠዋት ቼክ ታደርገዋለህ። ዓይኑ ክሊር ይሁን። አፉ ዝግ ይሁን። አፍንጫው ደረቅ። ሲተነፍስ ሳውንድ የለም። ስትይዘው ደግሞ እጅህን ስኩዊዝ ያደርጋል። እንደዚያ ከሆነ ኦኬ ነው። ሂቱ ግን በፍጹም እንዳይጠፋ። ቢበርደው ይታመማል፣ እሱ እንደ እኛ ራሱን ማሞቅ አይችልም።»

«እኔስ መቼ ቻልኩ?» አልኳት። ክረምቱ ገብቶ ነበር።

መጀመሪያ ጊዜ መያዝ ትንሽ ጨነቀኝ። ኋላ ግን ተላመድን። ክንዴ ላይ ተጠምጥሞ ጠበቅ ያደርገኛል፣ ልክ እንደ ደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ። እንዲያውም ነርሷ ስትለካኝ ከምታጠብቀው የእሱ ይሻላል፤ አይለቅም እንጂ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ላይ ሳየው ሁለቱ ዓይኖቹ ነጭ ለብሰዋል። ሰማያዊ የሚል ነጭ። ይህን በሽታ አውቀዋለሁ፤ ሞራ ነው! እኔ ራሴ በሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ ወጥቶብኝ ለኦፕሬሽን ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ከፊቴ ሲቀመጥ ከኔ ተጋብቶበት ይሆን ብዬ መነጽሬን አውልቄ በሳሙና አጠብኩ። ወዲያው ደወልኩላት። ክላስ ውስጥ ነበረች፤ ወጥታ አነሳችው።

«የኔ ልጅ፣ አትደንግጪ፣ ታውሯል።»

«ማን?»

«ተከራዩ። ሞራ ሸፍኖታል። የዓይን ሐኪሜ ጋ ልውሰደው?»

ሳቀች። ሳቀች ስል እንዲሁ ሳቅ አይደለም፤ መሬት ላይ የተቀመጠች መሰለኝ። ለካ ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ዓይኑ እንደዚያ ነው። በሽታ አይደለም። እውነትም ከጥቂት ቀን በኋላ ቆዳው ከአፍንጫው እስከ ጭራው እንደ ካልሲ ተገልብጦ ወጣ፤ ውስጡ ያለው እባብ አዲስ ሆኖ፣ ዓይኑም እንደ ዶቃ ጠርቶ ብቅ አለ። እኔ ተራ እየጠበቅሁ እሱ በነጻ አሳደሰ። ልጅቷ ግን ነገሩን ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታለች። እኔም ተናደድኩና ቆረጥኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ስለ እባብ ደንግጬ ስልክ አልደውልም አልኩ። እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ዐቢይ ጾም ገባ። ተከራዩም ያኔውኑ መብላት አቆመ። ምግቡን፣ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሆኖ የሚቀመጥለትን አይጥ፣ በሙቅ ውሃ አፍታትቼ በመቆንጠጫ ባቀርብለት፣ ምላሱን አውጥቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። በሳምንቱም እንደዚሁ። ልጅቷን ስጠይቃት «ዊንተር ላይ እንደዚያ ያደርጋል፣ ካልከሳ ችግር የለም» አለችኝ። እኔ ግን ሌላ ነው የተሰማኝ። ከኔ ሌላ በዚህ ሕንፃ የሚጾም አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖረው ጓደኛዬ ነገርኩት። ይህ ሰው አገር ቤት ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ እጠግን ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ እንደተጨቃጨቅን አለን።

«እባብህ ጾመኛ ሆነ?» አለኝ። «ካንተ ይሻላል በለኛ! አንተ ዓሣ ትበላለህ።»

«ዓሣ ይፈቀዳል የሚሉ አሉ።»

«የሚሉት አንተና ዓሣ ሻጩ ናችሁ።»

በዚያው ሰሞን የንስሐ አባቴ ደወሉ። በጾም በጾም እየዞሩ የልጆቻቸውን ቤት ጸበል ይረጫሉ፤ ዛሬ አንተ ጋ እመጣለሁ አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁና ቀና ስል ተከራዩ ሳሎኔ መሀል፣ ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ለፊት፣ ሳጥኑ ውስጥ ተጋድሞ ተኝቷል። ሌላ እንስሳ ቢሆን ግድ የለኝም። ውሻ ቢሆን፣ ድመት ቢሆን። እንግዲህ እባብ! አዳምና ሔዋንን ያስወጣውን ዘር አቅፌ እየቀለብኩ ለቄስ ምን ልበላቸው? የማሞቂያ መብራቱን ገመድ ነቀልኩ፣ ሳጥኑን ባለ ጎማ ጠረጴዛ ላይ ጫንኩና ከበረንዳው አጠገብ ያለችው ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ አስገባሁት። አንሶላ አለበስኩት። የዚያች ክፍል መስኮት በደንብ አይገጥምም፤ ውጭው ደግሞ በረዶ ነው። ለትንሽ ጊዜ ነው ብዬ ነው።

አባቴ ግን ትንሽ ጊዜ አያውቁም። ጸለዩ፣ ረጩ፣ ተቀመጡ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አጫወቱኝ። ስለ ጣሪያው ሠሪም አጫወቱኝ። «ይቺ ክፍልስ?» ብለው ወደ ዕቃ ማስቀመጫዋ ሲነሡ «እሷ ተረጭታለች!» ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ማን እንደረጫት አልጠየቁኝም፤ ፊቴን ብቻ አዩ።

ሲሄዱ ሳጥኑን አወጣሁ። የድሮው ቦታ ላይ ያመጣሁላቸውን ወንበር ማንሣት ሰልችቶኝ፣ ሳጥኑን በሌላኛው ግድግዳ በኩል አደረግሁትና እዚያ ያለው ሶኬት ላይ ሰካሁት። መብራቱ በራ። ጨረስኩ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ተከራዩ ጸባዩ ተለወጠ። ራሱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ አንጋጦ ይውላል። እባብ ሲያንጋጥጥ አይቼ አላውቅም። አፉን ደግሞ ትንሽ ገርበብ ያደርጋል። እኔ ምን አልኩ? የጸበሉ ኃይል ነው አልኩ። ዱሮ ያጠፋውን አስቦ ምሕረት እየለመነ ነው አልኩ። ጓደኛዬን ጠርቼ አሳየሁት፤ እሱም ቆብ አውልቆ አየና «እኔ እንጃ፣ ይህ የሚዘምር ይመስላል» አለ። ልጅቷ ፈተና ላይ ስለነበረች ያን ሰሞን በምስል አትደውልም ነበር። «እንዴት ነው?» ስትል «በጣም ደህና ነው፣ ይጸልያል» እላታለሁ፤ «ሶ ኪዩት» ትልና ትዘጋለች።

በዚያው ጊዜ የቤቴ ማሞቂያ መጮህ ጀመረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ፊስስ። ጠቅ፣ ፊስስ። ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ቧንቧ ውስጥ አየር ሲገባ አውቃለሁ። የሕንፃውን ሱፐር፣ ማለት ጥገና የሚሠራውን ሰውዬ፣ ጠራሁት። መጣ፣ ጆሮውን ራዲያተሩ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፣ ምንም የለውም አለኝ። አለው አልኩት። የለውም አለኝ። ስማው አልኩት። ተናደደና ራዲያተሩን ጭራሽ ዘጋው፣ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ሁለታችንም አዳመጥን።

ጠቅ። ፊስስ። ጠቅ።

ድምፁ ከጀርባችን ነው። ሱፐሩ ዞር ብሎ ሳጥኑን አየ። እኔም አየሁ። ከዚያ ሱፐሩ በፍጥነት ወጣ፤ ራዲያተሩን እንኳ ሳይከፍትልኝ።

መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። ተከራዩ እንደልማዱ አንጋጧል። ግን አሁን በደንብ ሳየው ጸሎት አይደለም፤ አየር ፍለጋ ነው። በአፍንጫው ቀዳዳ ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ነገር ይነፋል፣ ይፈነዳል። አፉ ዳር ላይ ወፍራም ምራቅ ተጋግሯል። በሁለት እጄ አነሣሁት። ክንዴን አልጨበጠኝም። እንደ እርጥብ ገመድ ወደ ሁለት ጎን ተንጠለጠለ።

ደንግጬ አልደውልም ያልኩት ሰውዬ ደወልኩ።

«አባባ፣ አፉ ኦፕን ነው?»

«ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«...መጸለይ ከጀመረ።»

ያኔ ስለ ሞራው የሳቀችው ልጅ አልሳቀችም። ማልቀሷን ሰማሁ፤ እንዳልሰማት ስልኩን በእጇ ሸፍናው ነው። «አባባ፣ እሱ ከሞተ...» አለችና አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺው አላልኳትም። እሱ ከሞተ ማን ብላ ትደውላለች?

የእባብ ሐኪም ኖርዝ ዮርክ አገኘችልኝ፣ አድራሻውን ላከችልኝ። ጓደኛዬን ጠራሁት። ተከራዩን የትራስ ልብስ ውስጥ አደረግሁት፣ አፉን አሰርኩት፣ የትራሱን ማለቴ ነው፣ በካፖርቴ ውስጥ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። መኪናው ውስጥ ስንገባ ጓደኛዬ እጁን መሪው ላይ አድርጎ አልንቀሳቀስ አለ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ቀበቶውን አሰርክለት?»

«ንዳ አንተ ሰውዬ!»

«ሂተሩን የመጨረሻ አድርጌዋለሁ። እኔ እቀልጣለሁ፣ እሱ ይድናል። ካመለጠህ ግን ቀድሜ የምወርደው እኔ ነኝ፣ መኪናው ቢሄድም።»

በኤግሊንተን ዌስት ብንሄድ ይቀርበን ነበር። ይህ ሰው ግን ያ መንገድ ተቆፍሮ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ቂም ይዟል፤ አሁን ቢለሰልስም ባይለሰልስም አይረግጠውም። ዙሪያውን ዞረን ዞረን ሄድን። በየመብራቱ ስንቆም ጆሮዬን ወደ ደረቴ አጎንብሼ አዳምጣለሁ። ጠቅ ሲል ተመስገን እላለሁ። ቅድም ያናደደኝ ድምፅ አሁን እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በትንሽ ነገር አፉን ከፍታ አየች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ዓይኑን፣ ቅርፊቱን፣ ሆዱን ሁሉ ዳሰሰች። ጓደኛዬ ከበሩ ሳይርቅ ያስተረጉማል። ሳንባውን ነው የታመመው አለች። ብርድ ነው። የማይበላው በክረምቱ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ብቻውን አያሳስብም ነበር፤ አረፋው፣ የተከፈተው አፍ፣ ማንጋጠጡ፣ ድምፁ ግን አንዱም ችላ አይባልም አለች። ቢዘገይ ኖሮ ይሞት ነበር። ከዚያ ማሞቂያው ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀች።

«ይሠራል!» አልኩ። «አንድ ቀን አልጠፋም። ራሴ ነኝ የሰካሁት።»

ጠየቀችኝ ደግማ። ማልኩ ደግሜ።

መድኃኒቱ መርፌ ነው፣ ቤት የሚወጋ። እንዴት እንደሚወጋ አሳየችን። ይዘን ተመለስን። ቤት ገባን፣ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛሁት፣ መብራቱ በርቷል፣ ሞቋል። «አየህ?» አልኩት ጓደኛዬን። «ይሠራል።» ከዚያ ሻይ ልናፈላ ወደ ወጥ ቤት ስንወጣ፣ እንደ ሁልጊዜዬ የሳሎኑን ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ አደረግሁት። ከክፍል ስወጣ መብራት ማጥፋት ከልጅነቴ ጀምሮ ያለኝ ጸባይ ነው፤ ሰው የሌለበት ክፍል አይበራም።

ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆመ። «አንተ።»

«ምን?»

«አብራው።» አበራሁ። «አጥፋው።» አጠፋሁ። «አብራው።»

ዞሬ አየሁ። ሶኬቱ ከግድግዳው ማብሪያ ጋር የተያያዘ ነው። የሳሎኑን መብራት ባጠፋሁ ቁጥር የተከራዩም ማሞቂያ አብሮ ይጠፋል። ከአባቴ ጉብኝት ጀምሮ እኔ ሳሎን ስሆን ይሞቀዋል፣ ስወጣ ይበርደዋል። በገዛ እጄ፣ በየቀኑ፣ ቀጭ።

ጓደኛዬ ወንበር ላይ ወድቆ ሳቀ። «የእባቡን በሽታ ቄሱ ላይ ልታላክክ ነበር!» አለኝ። ሳጥኑን ወደ ዱሮው ሶኬት መለስኩ፣ ማብሪያውንም በወፍራም ፕላስተር ለጠፍኩት። ለልጅቷ ደውዬ ነገርኳት፤ ሳልቀባባ። ማብሪያውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። «ኦኬ» አለች ብቻ። ያቺ ኦኬ ከብዳኝ አደረች።

መርፌውን እኔ እወጋለሁ፣ ጓደኛዬ ይይዛል። ሲይዝ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። አንድ ቀን አጥብቆ ይዞ «ወጋኸው?» አለኝ፤ «የያዝከው የኔን እጅ ነው» አልኩት።

እንግዲህ ይህ ሰው ምላሱ አያርፍም። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ «እሱ ቤት ታማሚ አለ፣ መርፌ ላይ ነው» ብሎ አወራ። ማን እንደሆነ አልተናገረም፤ ሆን ብሎ ነው። በማግሥቱ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የንስሐ አባቴ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በአንድ እጃቸው የጸበል ጠርሙስ። ከኋላቸው ጓደኛዬ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ቆሟል፤ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል።

«እግዚአብሔር ይማርልህ ልጄ» አሉኝ አባቴ። «ታማሚው የት ነው የተኛው?»

እንደ ዱሮው ልደብቀው እችል ነበር። ትንሽ ቆዩልኝ ብዬ ገመዱን ነቅዬ ወደዚያች ቀዝቃዛ ክፍል መግፋት ነው። እግሬም ጀምሮ ነበር። ግን ትንፋሹን ሰማሁት፤ ጠቅ የሚለው ድምፅ ገና ጭራሽ አልለቀቀውም። ቆምኩ።

«እዚያ ነው አባቴ» አልኩና በጣቴ አመለከትኩ።

ገቡ። ሶፋውን አዩ፣ ማንም የለም። አልጋ ክፍሉን አዩ። ከዚያ ሳጥኑን አዩ። ሳጥኑም አያቸው። እርምጃቸውን ወደ ኋላ መለሱ፣ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው አባቴ። የልጅ ልጄ ነው። ማለቴ የልጅ ልጄ ንብረት ነው።»

«ባለፈው ስመጣ የት ነበር?»

«ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ።»

«በዚያ ብርድ?»

«በዚያ ብርድ።»

«እኔን አፍረህ?»

«እርስዎን አፍሬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ፍጥረት ነው። ባትወደው እንኳ እንዴት በብርድ ትገድለዋለህ?» አሉኝ ቆጣ ብለው። ጓደኛዬ ከኋላ «እኔም ያልኩት እሱን ነው» አለ፤ ምንም አላለም፣ ውሸቱን ነው። አባቴ ጠርሙሱን ከፈቱ፣ በእጃቸው መዳፍ ላይ ጠብ አደረጉና ቀመሱት።

«ይሄ ጸበል ፍሪጅ ውስጥ የነበረ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው» አሉ። «ለእሱ አይሆንም፣ ያመዋል። ላንተ ግን ይሆናል።»

ከዚያ ጠርሙሱን ሙሉ አናቴ ላይ ገለበጡት። ወደ አንገቴ፣ ወደ ጀርባዬ፣ እስከ ቀበቶዬ ወረደ። ጮህኩ። ተከራዩ ከሳጥኑ ውስጥ አንጋጦ ያየኝ ነበር፤ የበረደውን ያህል የበረደኝ መሰለኝ።

ቀስ በቀስ ዳነ። መጀመሪያ አረፋው ደረቀ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ሱፐሩን ጠርቼ አሰማሁት፣ ከበሩ ሆኖ ሰማ። ከዚያ አፉ ተዘጋ፣ ራሱም ወረደ። ሐኪሟ በየሳምንቱ ምግብ ሞክሩለት ብላን ስለነበር ቀኑን ሳላስተውል አቀረብኩለት። ያ ሁሉ ጾም የጾመ እባብ፣ በስቅለት ዕለት፣ ሰው ሁሉ ሲሰግድ በሚውልበት ቀን፣ አይጡን አንጠልጥሎ ዋጠ። ለአባቴ አልነገርኳቸውም።

ልጅቷ ለፋሲካ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ሳጥኑ ጋ ተንበረከከች። ዓይኑን አየች፣ አፉን አየች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ትንፋሹን አዳመጠች፣ ክንዷ ላይ አደረገችው። ጠበቅ አድርጎ ያዛት። «ሂ ኢዝ ኦኬ» አለች፤ ለራሷ ነው። ወደ ቦታው መለሰችው። ግድግዳው ላይ ፕላስተር የተለጠፈበትን ማብሪያ አይታ ሳቀች፣ ያችኑ የዱሮ ሳቋን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አሁን አንተ።»

«እኔ ምን?»

«ቁጭ በል። ዓይንህን አሳየኝ።» አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝ። «ኦፕሬሽኑ መቼ ነው? አብሬህ እሄዳለሁ። አፍህን ዝጋ፣ በአፍንጫህ ተንፍስ።» ተነፈስኩ። «ትንሽ ሳውንድ አለህ።»

«እርጅና ነው።»

«እጅህን ስጠኝ። ስኩዊዝ አድርግ።»

እጇን ያዝኩና ጠበቅ አደረግሁ።

«ኦኬ ነህ» አለችኝ። «አሁን ልቀቀኝ።»

ተከራዩ ቶሎ አይለቅም፤ እኔም አልለቀቅኋትም።